ወደ ስኪዳም መሄድ የተከለከልንበት ሰሞን

ባለፈው ሳምንት የአንድ አሮጌ ሕንጻ ደረጃ ስወጣ አረንጓዴው ፈሳሽ ሳሙና ሸተተኝና ባለሁበት ቀረሁ። የሆላንድ አሮጊቶች የድንጋይ ደረጃ የሚያጥቡበት ሳሙና ነው፤ የተልባ ዘይትና የእርጥብ ድንጋይ ሽታ አለው። ባልዲ የያዘችው ሴትዮ "የምትፈልጊው ቤት ጠፋብሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? በዚያች ቅጽበት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ስኪዳም፣ የእትዬ አብረኸት በር ላይ፣ ታናሽ ወንድሜ ናቲ እርጥቡ ደረጃ እንዳያንሸራትተው እጁን ይዤ ቆሜአለሁ።

እትዬ አብረኸት አስመራ ተወልዳ፣ ልጅ ሳለች አዲስ አበባ መጥታ፣ እዚያው አድጋ፣ እዚያው አግብታ፣ ባሏንም እዚያው ቀብራ የተሰደደች ሴት ነበረች። አምስተርዳም ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ ኖራ ጡረታ ስትወጣ ሮተርዳም ጥግ ባለችው ስኪዳም ከተማ ትንሽ ቤት አገኘች። እኛ ሮተርዳም ምዕራብ ነበርን፤ በትራም ቅርብ ነው። እናቴ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የከሰዓት ፈረቃ፣ አባቴ ወደብ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠሩ ከትምህርት ቤት በር ላይ የምትቀበለን እሷ ነበረች። ዘመዳችን አይደለችም። ነገር ግን ናቲ አስም ነበረበትና ሳሉ ከመጀመሩ በፊት ከአተነፋፈሱ ታውቅ ነበር። እናቴ እንኳን ይሄን አልቻለችበትም።

አባቴ አንቱ ይላታል፤ እኔ አንቺ። "አንቱ በያቸው!" ብሎ ሲቆጣኝ እሷ ትስቃለች። "ተዋት እባክህ፤ እዚህ ያደገች ልጅ አንቱን ከየት ታምጣው?" ዛሬ ለትልቅ ሰው እርስዎ ማለት ተምሬአለሁ። ስለ እሷ ሳወራ ግን "እሳቸው" ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። የጋራውን ደረጃ ማጠብ የእሷ ተራ ሲሆን እኔ ውሃ አቀብላለሁ፣ ናቲ ደግሞ ሳሙናውን በጣቱ እየቀመሰ ፊቱን ያጨማድዳል።

በዚያ ዓመት መምህራችን፣ ሁላችንም "ዩፍ" ነበር የምንላት፣ ወንበሮቻችንን ጠረጴዛ ላይ ሰቅለን ወደ ቤት ከመሄዳችን በፊት ከአንድ የልጆች መጽሐፍ ታነብልን ነበር። በድሮው ትልቅ ጦርነት ጊዜ ከረሃብ እንዲተርፉ ከከተማችን ወደ ገጠር ስለተላኩ ሚን ስለምትባል ልጅና ኮስ ስለሚባል ወንድሟ ነው። እናታቸው ስማቸው የተጻፈበት ካርቶን በክር አንገታቸው ላይ ታስርላቸዋለች። ሸራ የለበሰ መኪና ከሌሎች ልጆች ጋር ጭኖ ይወስዳቸዋል። የደረሱበት መንደር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰልፈው ሲቆሙ ገበሬዎቹ እየመጡ፣ እያገላበጡ አይተው፣ የሚፈልጉትን ልጅ ይመርጣሉ። ኮስ ያስለዋል። የሚያስለውን ልጅ ማንም አልፈለገም። አንድ ገበሬ ሚንን ብቻዋን ሊወስዳት እጇን ሲይዝ ዩፍ መጽሐፉን ዘጋችው።

"የቀረውን ሌላ ጊዜ" አለች። ክፍሉ በሙሉ አጉረመረመ።

"ይሄ እዚሁ የሆነ ነገር ነው፤ በእኛው ሰፈር" አለችና በመስኮቱ ወደ ውጭ ጠቆመች። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩ። መንገዱ ዳር ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና ቆሞ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ያዩት አይመስለኝም። እኔ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ትንሽ ቆይቶ ነው የስልኩ ነገር የመጣው። አባቴ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ፣ የስልኩን ገመድ ጣቱ ላይ እየጠመጠመ፣ እኔ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ "ባድሜ ገቡ?" አለ። ትንሽ አዳምጦ እንደገና "ወታደሮቹ ባድሜ ገቡ በለኛ!" አለ።

ባድሜ ሰምቼው የማላውቅ ስም ነበር። ደች ቋንቋ ግን አውቃለሁ፤ በደች "ባድ" መታጠቢያ ነው፣ "ዝዌምባድ" መዋኛ ገንዳ። የእኛ ትምህርት ቤት ልጆች ማክሰኞ ማክሰኞ የሚዋኙበት ገንዳ አለ። ወታደሮች እዚያ ገብተዋል ማለት ነው ብዬ አመንኩ። ቤታችን ሬዲዮ መስማት በዝቷል፤ እኔ ስገባ ትልልቆቹ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ሚን ቤት የሆነው ይሄው አልነበረም? መጀመሪያ ሬዲዮ፣ ቀጥሎ ሹክሹክታ፣ ከዚያ ሸራ የለበሰው መኪና።

ማክሰኞ ገንዳው በር ላይ ስንደርስ አልገባም አልኩ። ውሃ የምፈራ መስሏቸው ሁለት መምህራን ሊያባብሉኝ ሞከሩ፤ እኔ ግን የመጀመሪያውን የዋና ዲፕሎማ ከወሰድኩ ቆይቻለሁ። ዩፍ ተንበርክካ ፊቴን እያየች "ምንድነው ሩት?" አለችኝ።

"ውስጥ ወታደሮች አሉ።"

"አይ የኔ ልጅ፤ መጽሐፉ አስፈርቶሽ ነው" አለች። ማስረዳቱ ስለከበደኝ ራሴን ነቀነቅኩ። ልጆቹ ሲዋኙ እኔ ክሎሪን የሚሸተው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ በሩን ስጠብቅ ዋልኩ።

አንድ ቀን አባቴ ሥራ ከመግባቱ በፊት ሊወስደን እትዬ አብረኸት ቤት መጣ። እሷ ድንች እየላጠች የአማርኛውን ሬዲዮ ትሰማለች። አባቴ ጃኬቱን ሳያወልቅ ቆሞ አዳመጠ። ዜናው ሲያልቅ ለማንም ሳይሆን እንዲሁ "ተሾመን ግንባር ልከውታል" አለ። ተሾመ ታናሽ ወንድሙ ነው። እኔ የማውቀው በፎቶ ብቻ ነበር፤ ትልቅ ጆሮ ያለው፣ የሚስቅ ልጅ።

"እግዚአብሔር ይጠብቀው" አለች እትዬ አብረኸት።

"ከማን ነው የሚጠብቀው?"

ቢላዋዋ ቆመ። "ምን ማለትህ ነው?"

"የእናንተ ሰዎች አይደሉ የጀመሩት፣ እትዬ!"

"የእናንተ?" አለች። ድምፅዋ አልጨመረም፤ እንዲያውም ቀነሰ። "ዕድሜዬን አዲስ አበባ የጨረስኩት እኔ ነኝ ዛሬ 'እናንተ' የተባልኩት? እህቴ ዛሬም እዚያው ናት። ባሏን ባለፈው ሳምንት ከሥራ አባረውታል። እሱ ነው የጀመረው?"

"እንደዚያ ማለቴ አይደለም።"

"ብለሃል። ልጆችህን ይዘህልኝ ሂድ።"

ናቲ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ አለ። ክሩን ማሰር አቅቶት ሲታገል ሁልጊዜ የምታስርለት እሷ ነበረች። ያን ቀን ከመቀመጫዋ አልተነሳችም።

በማግስቱ እናቴ የቤቱን ቁልፍ በጥብጣብ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። "ከእንግዲህ ወደ ስኪዳም መሄድ የለም። ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ ቤት።" ለምን ስላት "አባትሽን አታናጂው" አለችኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ አብረው ሻይ ይጠጡ የነበሩ ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ለየብቻ ተቀመጡ፤ መሃል ላይ ባዶ ወንበሮች ነበሩ። እትዬ አብረኸት ጭራሽ አልመጣችም። ናቲ "ታማለች?" ብሎ ሲጠይቅ እናቴ ብስኩት አቀበለችው።

ከዚያ ደግሞ እናቴ ለጓደኛዋ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። "አውቶቡስ ላይ ጫኗቸው አሉ… አዎ፣ ኤርትራ ነው የሚሰዷቸው… አንድ ሻንጣ ብቻ። ልጅ እንኳ ሳይሰናበቱ። የአብረኸትም እህት አለችበት ነው የሚሉት።"

ስልኩን ስትዘጋ "እማዬ፣ እትዬ አብረኸትንም ይጭኗታል?" አልኳት።

"ማነው እሱን የነገረሽ? ሂጂ ጥናትሽን አጥኚ!"

አይጭኗትም አላለችኝም። ሌላውን ሁሉ ረስቼ ያቺን ያልመጣች መልስ ይዤ ተኛሁ።

ረቡዕ ትምህርት ግማሽ ቀን ነው። አባቴ ከሌሊት ሥራ ገብቶ መጋረጃ ዘግቶ ተኝቷል። ከብስኩት ካርቶን ቆርጬ በአንድ በኩል "አብረኸት"፣ በሌላው በኩል የእኛን ቤት አድራሻ ጻፍኩና የሱፍ ክር አስገባሁለት። የትም ቢወስዷት ወደ እኛ እንዲመልሷት ነው። የናቲን የሚነፋ መድኃኒት ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት፤ ዳቦ ያዝን፤ ትራም ተሳፈርን።

ስኪዳም ባቡር ጣቢያ አጠገብ ስንወርድ መጀመሪያ ያያት ናቲ ነው። ደህናውን ጥቁር ካፖርቷን ለብሳ፣ ቡናማ ሻንጣ ይዛ፣ ወደ ባቡሩ መድረክ በሚያወጣው ደረጃ እየወጣች ነበር። አንድ ሻንጣ። በአውቶቡስ ሳይሆን በባቡር ሊወስዷት ነው ብዬ ሮጥኩ። ጠራኋት፤ አልሰማችም፤ ባቡሩ እየገባ ነበር። እሷ ገባች። ናቲ እጄን መንጭቆ አመለጠኝና በሚቀጥለው በር ዘሎ ገባ። ፊሽካ ተነፋ፤ በሩ ተዘጋ።

ባቡሩ ሄደ።

አለመጮኼ ዛሬም ይገርመኛል። ካርቶኑን እንደያዝኩ ባዶው ሐዲድ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። እትዬ አብረኸት ናቲን አላየችውም። እሱ በሌላ በር ነው የገባው፤ መድኃኒቱን ብቻውን መንፋት አይችልም። አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ሽማግሌ ሠራተኛ መጥቶ ትከሻዬን ሲይዘኝ የቤታችንን ስልክ ቁጥር ነገርኩት።

አባቴ በብስክሌት መጣ። የፒጃማው ሸሚዝ ላይ ጃኬት ደርቧል፤ ካልሲ የለውም። "ናቲስ?" አለ። "ናቲስ የት አለ?"

"እትዬ አብረኸት የገባችበት ባቡር ውስጥ ገባ።"

"ወሰደችው?" አለ። ፊቱ ያስፈራ ነበር። "ልጄን ወሰደችው ነው የምትዪኝ?"

"አላየችውም አባዬ። እሱ ነው ሮጦ የገባው።" የሰማኝ አልመሰለኝም።

ሽማግሌው ሠራተኛ በመገናኛ ሬዲዮው ሲያወራ ቆየና ወደ እኛ መጣ። "ዴልፍት ጣቢያ ላይ አንዲት አሮጊት ከአንድ ትንሽ ልጅ ጋር ወርዳለች። ጥቁር ካፖርት የለበሰች፣ የእናንተ አገር ሰው ሳትሆን አትቀርም። ልጁን አልለቅም፣ ራሴ ነኝ የምመልሰው እያለች ነው" አለ። ከዚያ አባቴን ትክ ብሎ አየው። "ሴትዮዋን ታውቃታለህ? ካላወቅካት ፖሊስ እጠራለሁ።"

አባቴ ወደ ሐዲዱ ዞረ። ለሳምንታት ቤታችን ውስጥ ስለ "እነሱ" ሲወራ የሰማሁት ሁሉ መጣብኝ። ፖሊስ ከመጣ ደግሞ ያስሯታል፤ ካሰሯት ይጭኗታል። የጃኬቱን እጅጌ ያዝኩ። አባቴ ወደ እኔ አላየም፤ ሐዲዱን ነበር የሚያየው።

"ኦማ ናት" አለ በመጨረሻ፣ በደች። "የልጆቼ አያት ናት።"

የሚመለሰው ባቡር በር ሲከፈት ናቲን ታቅፋው ወረደች። ለእሷ ዕድሜ ከባድ ልጅ ነበር። ትንፋሹን ሰማሁት፤ ደህና ነው። መድኃኒቱ በእጇ ነበር። አባቴ ልጁን ተቀበላትና አንገቱ ውስጥ ፊቱን ቀበረ። እሷ ሻንጣዋን አንስታ ልትሄድ ዞረች።

"እትዬ" አለ አባቴ። "ወዴት ነበር ጉዞው?"

"ምን ያደርግልሃል?"

እኔ አላስቻለኝም። ካርቶኑን ሰጠኋት። "ከወሰዱሽ ይሄን አንገትሽ ላይ እሰሪው።"

ስሟን አነበበች፤ ገልብጣ አድራሻችንን አነበበች። ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው። ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠችና ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ "ማንም አልወሰደኝም፣ ሩትዬ" አለች። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለአባቴ ነገረችው። እህቷንና የእህቷን ባል ከቤታቸው ወስደው አውቶቡስ ላይ ጭነዋቸዋል። ልጃቸው ፌቨን ትምህርት ቤት ነበረች። ስትመለስ ቤቱ ታሽጎ አገኘችው። አንዱ ጎረቤት ለሌላው እያስተላለፈ፣ እየፈሩ፣ ሲያሳድሯት ሰንብተዋል፤ አሁን ግን ማን ቤት እንዳለች እንኳ አይታወቅም። ዴን ሃግ ከተማ የተነጣጠሉ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግ መሥሪያ ቤት አለ ብለዋት የእህቷን ፎቶዎች ሰብስባ ልትሄድ ነበር። ቀጠሮው ናቲን ስትመልስ አለፈ።

"ስንት ዓመቷ ነው?" አለ አባቴ።

"የሩት እኩያ ናት።"

አባቴ አየኝ። ናቲን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ። "ሰፈሩ የት ነው? ጎረቤቶቹን በስም ያውቋቸዋል?"

በሚቀጥለው ባቡር አራታችንም ዴን ሃግ ሄድን። አባቴ በዚያው በፒጃማ ሸሚዙ። መንገዱን ሁሉ ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል አልተነጋገሩም፤ የሰፈር፣ የሱቅ፣ የሰው ስም ብቻ ነበር የሚያነሱት። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ተቀብለው መዘገቡን፤ ጊዜ እንደሚወስድም ነገሩን። አባቴ ግን ሊጠብቅ አልፈለገም።

እናቱ የምትኖረው ከሸኖ ወጣ ያለ ገጠር ነው። የሚያገናኘን ሸኖ ከተማ ያለ የአንድ ሱቅ ስልክ ነበር። እሷን አስጠርቶ፣ የሰፈሩንና የጎረቤቶቹን ስም ነግሮ፣ ፌቨንን እንድታስጠጋ ሲለምናት እኔ ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ። ድምፅዋ ከስልኩ ወጥቶ ይሰማኛል።

"እማዬ፣ የኤርትራ ሰዎች ልጅ ናት። አልዋሽሽም።"

"ወንድምህ የት እንዳለ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም። ታዲያ ይሄን ነው ዛሬ የምትጠይቀኝ?" ስልኩ ተዘጋ።

አባቴ ለእትዬ አብረኸት ይህን አልነገራትም። እኛ ወደ ስኪዳም መሄድ ጀምረናል፤ እሷ በየቀኑ ዓይኔን ታያለች፤ እኔ ዓይኔን እሰብራለሁ። አባቴ እንደገና ሲደውል ባለሱቁ አነሳ። "እማማ አዲስ አበባ ወርደዋል። ምን እንዳስወረዳቸው አልነገሩንም" አለው። ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ባቡሩን ከጠበቅኩበት ሰዓት ይልቅ ረዘሙብኝ። ናቲ ብቻ ነበር የሚበላው።

አያቴ ፌቨንን ያገኘቻት አንድ ጎረቤት ጓዳ ውስጥ፣ ከጤፍ ጆንያ ጀርባ ተቀምጣ ነው አሉ። ነጠላዋን አልብሳ፣ አውቶቡስ አሳፍራ ሸኖ ወሰደቻት። ለጎረቤቶቿ የወሎ ዘመዴ ልጅ ናት አለቻቸው። ፌቨን የሚለው ስም ሰው ጆሮ እንዳይገባ ፋናዬ አለቻት። ወሬው ሲደርሰን እትዬ አብረኸት ግድግዳውን ይዛ ቆመች፤ ቀጥላም ድንች መላጥ ጀመረች። በዚያው ሳምንት ዩፍ መጽሐፉን ጨረሰችው። አንዲት ገበሬ ሴት ሚንንና ኮስን አብራ ወስዳቸው ነበር። ክፍሉ አጨበጨበ። እኔ ሳላጨበጭብ በልቤ ስለ ሸኖ አስብ ነበር፤ እዚያ የሚያጨበጭብ አልነበረም።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል ተሾመ መሞቱን ሰማን። አብሮት የነበረ ቁስለኛ ነው ወሬውን ያመጣው። ቤታችን በሰው ሞላ። ፍራሽ መሬት ላይ ተነጠፈ፤ አባቴ ፎቶውን ይዞ ተቀመጠ። ሰዉ ቀስ እያለ ሲያወራ በሩ ተከፈተና እትዬ አብረኸት ጥቁር ለብሳ ገባች። ወሬው ቆመ። ከወንዶቹ አንዱ "ይቺ ደግሞ ምን ልትሠራ መጣች?" አለ፤ ሹክሹክታ አስመስሎ፣ እንድትሰማው አድርጎ። እሷ የበሩ ደፍ ላይ ቆማ ቀረች። ወደ ውስጥም አልገባች፣ አልተመለሰችም። የምትፈራው ገብቶኝ ነበር፤ ልጇን የቀበረች ሳትሆን መቅበር እንኳ ያልቻለች እናት ፌቨንን ከቤቷ ታወጣታለች ብላ ነው። እኔም የፈራሁት እሱኑ ነበር።

አባቴ ለእናቱ የሚደውልበት ሰዓት ነበር። ደወለ። አለቀሱ፤ ሁለቱም። ከዚያ አባቴ አዳመጠና ስልኩን ከጆሮው አንስቶ፣ ሰዉ ሁሉ እያየ፣ "እትዬ፣ እርስዎን ነው የምትፈልገው" አለ።

በሰው መሃል አልፋ መጣች። ስልኩን ስትይዝ እኔ ገመዱን ያዝኩላት። የአያቴ ድምፅ በልቅሶ ሻክሯል።

"አብረኸት? ስለ ልጅሽ አትስጊ። የትም አልሰዳትም። ይህ ነገር እስኪያልፍ እኔ ጋ ናት።"

"እናቴ…" አለች እትዬ አብረኸት። "ስለ ልጅዎ…" መጨረስ አቃታት።

በወዲያኛው በኩል ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተንኮሻኮሸ። ቀጭን ድምፅ መጣ።

"አክስቴ? እኔ ነኝ።"

"ፌቨን! ፌቨኔ! ደህና ነሽ? ትበያለሽ?"

"ደህና ነኝ። አክስቴ፣ አያቴ በጣም እያለቀሰች ነው። ልሂድላት።"

ስልኩ ተዘጋ። እትዬ አብረኸት ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። አባቴ ፍራሹ ላይ ጠጋ አለላት፤ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።